ሰባት ለመቁጠር ስድስት ሳምንት

ይህ የሆነው ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አስመራ ውስጥ ነው። ሥራዬ ማየትና መጻፍ ስለነበር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር አይቻለሁ። አብዛኛው ከታተመበት ወረቀት ጋር ተረስቷል። ይህኛው ግን ከልቤ አልወጣም። አንደኛ፣ የጻፍኩት ዘገባ የሌሎችን ሥራ ሊያስቆም ነበር። ሁለተኛ፣ በሙያዬ ውስጥ አጥብቄ የምኮራበት ነገር የተገኘው ከዚያው ስህተት ነው።

ወላጆቼ የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የተመለስኩት ነፃነት እንደመጣ ሲሆን አንድ ትንሽ ጋዜጣ ላይ ተቀጠርኩ። ትግርኛዬ ለገበያ የሚበቃ፣ ለጋዜጣ የማይበቃ ነበር። ስለዚህ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ አዘጋጁ ተስፋይ ወደ ትግርኛ ይመልሰዋል። ተስፋይ ጽሑፌ ላይ የሚቀልደው «አንቺ የምትጽፊው አጭር ነው፤ ላቡ የኔ ነው» እያለ ነበር።

በዚያ ዓመት የከተማው ትምህርት ቤቶች በተማሪ ተጨናንቀው መምህር አጥተው ነበር። ከኢትዮጵያ የመጡት መምህራን አብዛኞቹ ሄደዋል። በእነሱ ፋንታ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶችና በትግሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ሲያስተምሩ የነበሩ ታጋዮች ይመደቡ ነበር። ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስድስት ሳምንት የማስተማር ዘዴ ስልጠና ይወስዳሉ። ስልጠናውን የሚመሩት መምህር ዘርአይ የሚባሉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓባ ሻውል በሚባለው ሰፈር ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሰሌዳ ፊት ቆመዋል።

ስለ ስልጠናው እንድዘግብ ተላክሁና አንድ ሙሉ ጠዋት ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። ያየሁት ይህ ነበር። አንድ ሰልጣኝ ይነሳና ባልደረቦቹን እንደ ተማሪ ቆጥሮ ጥያቄ ይጠይቃል። ከዚያ እጆቹን ከጀርባው አድርጎ በጣቶቹ ሰባት ይቆጥራል። ቆጥሮ ሳይጨርስ የማንንም ስም መጥራት አይፈቀድለትም። አንዱ ሽዳ የሚባለውን የታጋይ ጫማ የተጫማ ረጅም ሰው አራት ላይ ደርሶ ስም ጠራ። መምህር ዘርአይ ጣታቸውን ከፍ አድርገው እንደገና አስጀመሩት። ሦስት ጊዜ ደገመ። ላብ አጠመቀው።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጎልማሶች ሰባት ሲቆጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነበረኝ። የሚያውቅ ሰው ያስተምራል፣ የማያውቅ አያስተምርም፤ ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም ብዬ አምን ነበር። ካስተማሩኝ ሁሉ የምወዳቸው መምህራን ሲቆጥሩ አላየሁም።

ዘገባው «ሰባት ለመቁጠር ስድስት ሳምንት» በሚል ርዕስ ወጣ። አንድም የተሳሳተ ቁጥር አልነበረበትም። የሰልጣኙ ብዛት ልክ ነበር፣ ቀኑ ልክ ነበር፣ የመምህር ዘርአይ ንግግር ቃል በቃል ነበር። ሰው ወደደው። ሰልጣኞቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ፌርማታ ላይ የቆሙ ወጣቶች «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» እያሉ በትግርኛ እየቆጠሩ ይቀልዱባቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ያኔ ግን የሰማሁት ሰው በዘገባዬ መሳቁን ብቻ ነበር፤ ደስም አለኝ።

በሳምንቱ መምህር ዘርአይ ቢሮ መጡ። ተስፋይ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻሂ አስመጣላቸው። ቅሬታ ይዘው የመጡ መስሎኝ ደብተሬን አወጣሁ። ለቅሬታ የራሴ ሥርዓት ነበረኝ፤ ስህተት የሆነው ቃል የቱ ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ እጀምራለሁ።

ስህተት የለበትም አሉኝ። ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ሆኖም ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ፤ ስለ መምህራን ምደባ የሚወስን አንድ ኮሚቴ ዘገባዬን ቆርጦ ከአንድ ሐሳብ ጋር አያይዞታል። ሐሳቡ ስልጠናው ከስድስት ሳምንት ወደ ሦስት ቀን ይውረድ፣ ሰዎቹ ቶሎ ክፍል ይግቡ የሚል ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይወሰናል። ሦስት ቀን ማለት ስማቸውን መዝግቦ ጠመኔ ማደል ማለት ነው አሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

እኔ እዘግባለሁ፣ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው አልኳቸው። ለብዙ ሰው የሰጠሁት መልስ ነው።

«ልክ ነሽ ጓለይ» አሉ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አስተምረሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኩ። ምንም ሳይሉ ያዩኝ ጀመር። ዝምታው ሲረዝምብኝ ሳላስበው ማብራራት ውስጥ ገባሁ። ማስተማር አለማወቄ አስተያየት ከመስጠት አይከለክለኝም፤ ግን በእርግጥ ራሴ ባየው አይከፋም፤ ጊዜ ከተገኘ መሞከር እችል ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ቀጠልኩ።

«ጊዜው ተገኝቷል» አሉ። ከዓባ ሻውል በታች ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ወልዳለች። ከሰዓት ፈረቃ ነው። ተተኪ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ልጆቹ ባዶ ሰሌዳ እያዩ ይቀመጣሉ። ተስፋይ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ «ውሰዷት፤ ከሰዓት በኋላ የምትጽፈው ሁልጊዜ መጥፎ ነው» አለ። እንዲያ ሆኖ ተስማማን።

ክፍሉ ውስጥ አርባ ስምንት ልጆች ነበሩ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ተጣብበው። ስገባ ሁሉም ተነሱ። ምዕራፉ ስለ ውሃ ነበር፤ ውሃ እንዴት እንደሚተን፣ ደመና እንዴት እንደሚሆን። አራት ገጽ ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። በትግርኛ እጀምራለሁ፣ ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ እሞላለሁ። ልጆቹ ከሁለት ዓመት በፊት ድረስ በአማርኛ ሲማሩ ስለነበር ሁለቱንም ይሰማሉ።

አስረድቼ ስጨርስ «ገባችሁ?» አልኩ።

«እወ፣ መምህር» አሉ፤ አርባ ስምንቱም በአንድ ድምፅ፤ «አዎ» ማለታቸው ነው።

በየአሥር ደቂቃው እጠይቃለሁ፣ በየአሥር ደቂቃው «እወ» ይላሉ። በአምስት ቀን ምዕራፉን ጨርሼ ቀጣዩን ጀመርኩ። ቢሮ ገብቼ ለተስፋይ አንድም ጣት ሳልቆጥር ምዕራፍ ጨረስኩ ብዬ ነገርኩት።

በስድስተኛው ቀን አምስት ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና ሰጠሁ። ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ ማረም ስጀምር ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ ቶሎ አስቀመጥኩት። ከአርባ ስምንቱ ሦስት ጥያቄና ከዚያ በላይ በትክክል የመለሱት ስድስት ብቻ ነበሩ። ከከተማው ዳር፣ ከቤት ጊዮርጊስ ማዶ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ደመና ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ አንዱ «የምጽዋ መርከቦች ጭስ ነው» ብሏል። አንዷ ጥያቄውን በሚያምር ጽሑፍ ገልብጣ አስረክባለች። አሥራ አንድ ልጆች ደግሞ «መምህር እንዳሉት ነው» ብለው ጽፈዋል።

በሚቀጥለው ቀን ክፍል ገብቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አልተቆጣሁም፤ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ማወቅ ግን ፈለግሁ። ቋንቋው ነው ያስቸገራችሁ አልኩ። ሰናይት የምትባለው የክፍሉ አለቃ ተነሳች። ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ቋንቋው አይደለም፣ መምህር። ሁለቱንም እንሰማለን።»

«ታዲያ ለምን ገባን አላችሁ?»

ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች። «እንግዳ ነዎት። ትግርኛ ሲጠፋብዎት ፊትዎ ይቀላል። እንዳያፍሩ ብለን ነው።»

በመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ላይ ተሰብስበው ተማክረዋል። ይህች ሴት ደሞዝ ሳይከፈላት የመጣች እንግዳ ናት፤ አልገባንም ብሎ ፊት ለፊት ማሳፈር ነውር ነው፤ ሁላችንም እወ እንበል ብለው ተስማምተዋል። ያስማማቻቸው ሰናይት ነበረች።

«ደግሞ ጋዜጣ ላይ ይጽፉናል ብለን ነው» አለ ከኋላ መደዳ ዮናስ የሚባል ቀልደኛ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዮናስ ራሱ አልሳቀም፤ ነገሩን ከልቡ ነበር ያለው።

በሥራዬ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት መልስ በአንድ ድምፅ ሲሰጠኝ ደብተሬን ዘግቼ ሌላ ሰው ፍለጋ እሄድ ነበር። አንድ ቀበሌ ሙሉ «ችግር የለም» ሲል ችግር እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ግን አርባ ስምንት ምንጮች ስድስት ቀን ሙሉ ሲዋሹኝ፣ ያውም በፍቅር ሲዋሹኝ፣ አንዴ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ምክንያቱም የሚሉት መስማት የምፈልገውን ነበር።

ከጎናችን ያለው ክፍል የለተብርሃን ነበር። ለተብርሃን ሜዳ ላይ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች ታጋይ ናት፤ ከመምህር ዘርአይ ስልጠና ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። በግድግዳው በኩል የእኔ ክፍል «እወ» ሲል የእሷ ክፍል ዝም ሲል እሰማ ነበር። ልጆቹን ማናገር ያቃታት መስሎኝ አዝኜላት ነበር። በዚያ ቀን ግን ሄጄ ከኋላ ልቀመጥ አልኳት።

«ልትጽፊብኝ ነው?» አለች። «ከጻፍሽ ቁጥሩን አታሳስቺ። እኔ አንዳንዴ እስከ ዘጠኝ እሄዳለሁ።»

ተቀመጥኩ። ለተብርሃን ጥያቄ ጠየቀችና ዝም አለች። እጆቿ ከጀርባዋ ነበሩ፤ ከተቀመጥኩበት ጣቶቿ አይታዩኝም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጣቶች ጊዜ እጃቸውን ያወጡት ሁልጊዜ የሚያወጡት ጎበዞቹ ነበሩ። አላየቻቸውም። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ከራሷ ጋር ስታወራ ነበር። አንዱ ደብተሩን ገለጠ። አንዱ የጎኑን ልጅ በክርኑ ነካ። ክፍሉ በሙሉ እያሰበ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አየሁ። ስም የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተጠራችው ከንፈሯን ያንቀሳቀሰችው ልጅ ነበረች። መልሷ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነበር። ለተብርሃን ልክ ነው አላለችም፣ ስህተት ነውም አላለችም። ሌላ ልጅ ጠርታ «ሰምተሻታል? ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። «ገባችሁ?» የሚለው ቃል ባንድ ሰዓት ውስጥ ካፏ አልወጣም።

ልጆቹ ሲወጡ ሜዳ ላይም እንዲህ ታደርጊ ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

«የለም። ሜዳ ላይ የማወራው እኔ ነበርኩ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ፣ ሽማግሌው ቁጠሪ ሲለኝ ከአንቺ በላይ ስቄአለሁ። ከስልጠናው ወጥቼ እዚህ ስቆጥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት የትኞቹን እንደነበር ገባኝ። እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡትን ብቻ ነበር። ሌሎቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።»

ይህን በደብተሬ ቃል በቃል ጻፍኩ።

በማግስቱ ራሴ ሞከርኩ። ሰባት መቁጠር ቀላል ይመስላል። ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ አርባ ስምንት ሰው እያያችሁ ሞክሩት። አራት ላይ መልሱ ራሱ ከአፌ ሊወጣ ነበር። አምስት ላይ ያ የታጋይ ሽዳ የተጫማ ረጅም ሰው ለምን እንዳላበው ገባኝ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። አንድ ባለሥልጣን መልሱን አሳጥሮ ሲያቆም ዝም ብዬ ማየት እንዳለብኝ፣ ዝም ስል ሰውየው ራሱ እንደሚቀጥል አውቃለሁ። ይህን ይዤ አልተወለድኩም፤ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ አንጋፋ አዘጋጅ ስንት ጊዜ እያረመ አስተምሮኛል። መምህር ዘርአይም ቢሮዬ መጥተው ያንኑ አድርገውብኝ ነበር። በራሴ ሙያ ትልቅ ክህሎት ብዬ የማከብረውን ነገር በሌላው ሙያ ላይ ስቄበታለሁ።

አንድ በራድ ውሃ ከመምህራን ክፍል አስፈልቼ አመጣሁ። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከበራዱ አፍ በሚወጣው እንፋሎት ውስጥ ያዝኩ። ብርጭቆው ከውጭ በኩል ጠብታ ያዘ። ጠብታው ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩና እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ።

ስድስት ላይ ዮናስን ጠራሁ። ከብርጭቆው ውስጥ ሰርጎ የወጣ ነው አለ። «አይደለም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሌላ ልጅ ጠርቼ ዮናስ ያለውን ሰምተሃል ወይ አልኩ። ሰምቷል፣ ግን አይስማማም፤ ብርጭቆው ቢያፈስ ኖሮ ውሃው ይጎድል ነበር አለ። ዮናስ አልተሸነፈም፤ ተነስቶ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ክርክር ሆነ። አንዲት ቤታቸው በቤት ጊዮርጊስ በኩል የሆነ፣ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ ማንም ሳይጠራት ቆመች። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር የሚወጣው ደመና ፊት ላይ ሲደርስ ቅንድብ ያረጥባል፤ እሱ ደግሞ የባሕሩ ውሃ ነው፤ ወደ ላይ ሲመጣ ብርጭቆው ላይ እንዳረፈው እንፋሎት ብርድ ያገኘዋል አለች። እኔ አራት ገጽ ጽፌ ያልሆነልኝን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በየዕለቱ ተሳካልኝ ማለት አይደለም። አንድ ቀን ቸኩዬ ነበር። ምዕራፉን ለመጨረስ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ እያወራሁ ስሄድ ሰናይት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አልገባንም» አለች። ቀና ስል ግማሹ ክፍል ራሱን እየነቀነቀ ነበር። «ከየት ጀምሮ?» አልኩ። «ወደ ሰሌዳው ከዞሩ ጀምሮ» አለች፤ ጀርባዬን ከሰጠኋቸው ጀምሮ ማለቷ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ። እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

ሁለተኛ ፈተና ሰጠሁ። ሦስት ጥያቄና ከዚያ በላይ የመለሱት አርባ ሆኑ።

ያን ማታ እርማት ጻፍኩ። ተስፋይ አነበበውና በአንድ በኩል ሳቅ፣ በሌላ በኩል ብስጭት ያዘው። እርማት የሚወጣው ስም ወይም ቁጥር ሲሳሳት ነው፣ የአንቺ ዘገባ ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነበር፣ ምኑን ነው የምናርመው አለኝ። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ መጻፌን ነው አልኩት። መቁጠሩን አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚቆጠር ሳላይ ዋጋ የለውም ብያለሁ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት ይውጣ አለና ወደ ትግርኛ መመለሱን ጀመረ። ከመጀመሪያው ዘገባ ይልቅ በዚህኛው ላይ ብዙ ደከመ።

እርማቱ ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት ባለው ቀን ወጣ። ስብሰባው ላይ እንድናገር ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ስድስት ሰዎች ነበሩ። መምህር ዘርአይ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ነቃ ያለ የቀድሞ ታጋይ ነበር።

«ሓፍተይ» አለኝ፤ «እህቴ» ማለቱ ነው። «ከአንድ ወር በፊት አይረባም አልሽን። ዛሬ ይረባል ትያለሽ። ከአንድ ወር በኋላ ምን ትይን ይሆን?»

ሰዎቹ ሳቁ። ያኔ ክፍል አልገባሁም ነበር፣ አሁን ገብቻለሁ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው አልኩ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ የ«እወ»ውን ነገር፣ የለተብርሃንን ቃል፣ የብርጭቆውን። በመጨረሻ ቁጥሩን አስቀመጥኩ፤ መጀመሪያ ስድስት፣ ኋላ አርባ። ሰብሳቢው ቁጥሩን ጻፈ። ፊቱ ተለውጦ ነበር።

ያኔ መምህር ዘርአይ እጃቸውን አነሱ።

«የሁለተኛው ፈተና ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ጋር አንድ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

አይደሉም አልኩ። ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ሦስቱ ሌላ ናቸው።

«ሦስቱ ቀለል ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ።»

ሊሆኑ ይችላሉ አልኩ።

«እንግዲያው አርባውን ሰርዙት» አሉ ወደ ሰብሳቢው ዞረው። «ሁለቱን ብቻ ቁጠሩ።»

ሊዘጋ የደረሰው የእሳቸው ሥራ ነበር፤ የሚያድነውን ቁጥር በገዛ አፋቸው አሰረዙ። የሁለቱም ፈተና ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበሩ አውጥቼ እዚያው ቆጠርኩ። ሁለቱን ጥያቄዎች መጀመሪያ የመለሱት ዘጠኝ ነበሩ። በሁለተኛው ሠላሳ አንድ ሆነዋል። «ይህኛው ይያዝ» አሉ መምህር ዘርአይ። «ከእነዚህም ውስጥ ጥያቄውን ስላስታወሱት ብቻ የመለሱ ይኖራሉ፤ ያንንም ጻፉት።»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘገባ ጽፌአለሁ። የራሱን ጉዳይ እንዲህ አድርጎ የመረመረ ምንጭ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተሰማኝን በሌላ ቃል መግለጽ አልችልም፤ ኮራሁባቸው። ከእሳቸው ጎን በመቆጠሬ በራሴም ኮራሁ።

ስልጠናው ስድስት ሳምንት ሆኖ ቀረ። ሰብሳቢው አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት። ሰልጣኞቹ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ክፍል ይገባሉ፤ ሌላ መምህር እያገዛቸው ያስተምራሉ፤ ከዚያ ወደ ስልጠናው ይመጣሉ። «ይቺ እህታችን ባዶ እጇን ገብታ ነው የተማረችው» አለ። መምህር ዘርአይ ይህ ለምን ቀድሞ እንዳልታያቸው ራሳቸውን ወቀሱ።

ስንወጣ ፌርማታው ድረስ አብረን ሄድን። የቐንየለይ ብለው በትግርኛ አመሰገኑኝ። ከዚያ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ለሰልጣኞቹ አንድ ሰዓት እንደማስተምርላቸው ነገሩኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። ርዕሱ ጥያቄ መጠየቅ ነው አሉ።

ያን ሰዓት ለሰባት ክረምት አስተማርኩ። በየዓመቱ የምጀምረው ያንን ዘገባ ከአንደኛው መስመር እስከ መጨረሻው በማንበብ ነበር። ማን እንደጻፈው አልነግራቸውም። ሳነብ ይስቃሉ፤ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ስለነበር እኔም አንዳንድ ቦታ ያስቀኛል። ማን ይስማማል ስላቸው፣ ቦታ ታጥቶ ክፍል ሳይገቡ የመጡት ጥቂቶች፣ ስልጠናው ጊዜ መፍጃ መሆኑን ከልባቸው የሚያምኑት፣ እጃቸውን ያወጣሉ። ክፍል ገብተው የመጡት አያወጡም፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ የጸሐፊዋን ስም አነብባለሁ።

አንድ ዓመት አንድ ወጣት ሁለት ሳምንት አስተምሮ መጥቶም እጁን አወጣ። አሁንም ቢሆን በዘገባው እስማማለሁ አለ። ሰባት ቆጠርኩለት። ሐሳቡን አልለወጠም፤ ምክንያቱንም በደንብ አስረዳ። ምክንያቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ እሱንም ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ሰልጣኞች አነብብላቸው ነበር።